በሣር ጓል የተከደኑ ቤቶችና የብርድ ወራት ሙቀታቸው

ከአውሮፓ ዋና ምድር ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘው ደሴት አይስላንድ ትባላለች፤ ትርጓሜውም የበረዶ አገር ማለት ነው። የዚህች አገር ሕዝብ ከ1,000 ዓመት በላይ የኖረው ግድግዳውም ጣራውም ከነሥሩ በተቈረጠ የሣር ጓል በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ቤት ከሩቅ የሚያየው እንግዳ ቤት መኾኑን አያውቅም፤ ሣር የለበሰ ጕብታ ይመስለዋል። በአኹኑ ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የሕንፃ ዐዋቂዎች በትልልቅ ሕንፃዎች ጣራ ላይ አፈር አልብሰው ሣርና አበባ ማብቀልን እንደ አዲስ ጥበብ ይዘውታል፤ ስሙንም አረንጓዴ ጣራ ብለውታል። ይህ ጣራ በብርድ ወራት የቤትን ሙቀት በእውነት ይጠብቃልን? ጥያቄው ቤት ለሚሠራና ልጆች ለሚያሳድግ ኹሉ የሚገባ ጥያቄ ነውና፣ መልሱን ከጥንቶቹ ባለ ሣር ቤቶች ዘንድ ለመመርመር ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ማለቂያ ወደዚያው ተጓዝን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ለአንባቢዎቻችን አንድ ነገር እናስታውሳለን። በእኛ አገር ክረምት ማለት የዝናብ ወራት ነው፤ በዚያ ግን ክረምት የሚባለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው የብርድና የጨለማ ጊዜ ነው። እንዳይምታታ እኛ የብርድ ወራት እያልን እንጽፋለን። ዓመተ ምሕረቱም የሚቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ናት። የስሟ ትርጓሜ የጢስ ወሽመጥ ማለት ሲኾን፣ ጢስ የተባለውም ከምድር የሚወጣው የፍል ውሃ እንፋሎት ነው። አዲስ አበባ ከፍል ውሃ አጠገብ እንደ ተቈረቈረች ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይኾንበትም። በ1930 ዓ.ም. ከከተማይቱ አጠገብ የሚፈልቀውን ፍል ውሃ በቧንቧ እየሳቡ አንድ ትምህርት ቤትና ጥቂት መኖሪያ ቤቶችን ማሞቅ ዠመሩ፤ ዛሬ ግን ከአገሪቱ ቤቶች ከ10ሩ 9ኙ ያህል የሚሞቁት በዚሁ ከምድር በሚወጣ ሙቀት ነው። ስለዚህ የዛሬው የአይስላንድ ሰው ውጭው ነፋስ እየጮኸ እርሱ በቤቱ ውስጥ በሸሚዝ ብቻ ይቀመጣል።

በአሮጌው ሰፈር በእግራችን ስንዘዋወር የእንጨት ቤቶቹ ግድግዳ ሳይቀር በቆርቆሮ ተለብጦ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አየን። ይህ ቆርቆሮ በ19ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ አገር በመርከብ መምጣት የዠመረ ነው። በቆርቆሮ የተሠራ ከተማ ለእኛ ብርቅ ባይኾንም፣ አንድ ልዩነት አስተዋልን። እነርሱ ቆርቆሮውን ለዝናብና ለነፋስ መመለሻ ብቻ ያደርጉታል፤ ብርዱን የሚመልሰው ከቆርቆሮው በስተ ውስጥ ያለው ሳንቃና በመካከሉ የተጠቀጠቀው ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮ ብቻውን በላዩ ተዘርግቶበት የሚተኛ ሰው በዚያ አገር የለም።

ከሬይክያቪክ ወደ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጕዘን ስካጋፍዮርዱር ወደሚባለው ሰፊ ሸለቆ ደረስን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ የለም ለማለት ይቻላል። ከኖርዌይ የተነሡት ሰዎች በ874 ዓ.ም. ግድም መጥተው መስፈር በዠመሩ ጊዜ በቆላማው ስፍራ በርች የሚባል ዛፍ ያለበት ጫካ ነበረ፤ ነገር ግን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ እየተባለ በጥቂት ትውልድ ውስጥ አለቀ። የሚያቈጠቍጠውንም ችግኝ በጉ አላስነሣ አለው። የደጋ አገራችን ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እንጨቱ ካለቀ በኋላ ለቤት ምሰሶና ለወራጅ የሚኾን ግንድ የሚገኘው፣ ወይ ከባሕር ማዶ በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ፣ ወይም ባሕሩ ከሩቅ አገር እየገፋ በዳርቻው ከሚጥለው ግንድ ተለቅሞ ነበር። ስለዚህ እንጨቱን ለአጥንት ብቻ አድርገው፣ ሥጋውን ከምድሩ ቈርጠው አለበሱት።

በዚሁ ሸለቆ ግላውምባይር የሚባል የጥንት የእርሻ ቤት አለ። ሰው እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ይኖርበት ነበር። ማርክ ዋትሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1938 ዓ.ም. ለቤቱ መጠበቂያ 200 ፓውንድ ሰጥቶ ነበርና፣ ቤቱ ከመፍረስ ድኖ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ መዘክር ኾኗል። ባለንበት ዘመን እንኳ በዚህ መጠን ደኅና ኾኖ የቈየ የሣር ጓል ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቤቱ አንድ ቤት አይደለም፤ 13 ትንንሽ ቤቶች ጐን ለጐን ተጠጋግተው በጓል ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ፊት ለፊቱ በእንጨት ሳንቃ ተሠርቶ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀረው ኹሉ ሣር ነው። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል። ጓሉን የሚቈርጡት ከረግረግ ሜዳ ነው፤ በዚያ የሣሩ ሥር እንደ ምንጣፍ ተጠላልፎ አፈሩን አስሮ ይይዘዋልና ቢያነሡት አይፈርስም። ሲደረድሩትም አንዱን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ አጋድመው፣ የዓሣ አጥንት በሚመስል አኳኋን ያስተኙታል። ቤቱን የሚያስጐበኙት ሴት እጃችንን በግድግዳው ላይ እንድናሳርፍ ጋበዙን፤ ደረቅና ለስላሳ ኾኖ አገኘነው፤ የጭቃም ሽታ አልነበረውም።

ከደጃፉ ገብቶ ወደ ውስጥ የሚወስደው መተላለፊያ ጨለማና ጠባብ ሲኾን ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል ነው። በግራና በቀኝ ማድ ቤቱ፣ የወተት ቤቱና የምግብ ማከማቻው አሉ። መኝታ ቤቱ፣ እነርሱ ባድስቶፋ የሚሉት፣ የሚገኘው ከመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከኹሉ ኋላ ነው። የዚህ አሠራር ብልኃት ጥቂት ቈይተን ካሰብንበት በኋላ ተገለጠልን። ብርዱ ከውጭ ሲገባ ረጅሙን መንገድና በየመካከሉ ያሉትን መዝጊያዎች ማለፍ አለበት፤ መኝታ ቤቱም በዙሪያው ባሉት ሌሎች ቤቶችና በወፍራሙ ግድግዳ ተከብቧል። ነፋስ በቀጥታ የሚያገኘው ስፍራ የለውም ማለት ይቻላል፤ መስኮቶቹም ትንንሾች ናቸው።

በባድስቶፋው ግራና ቀኝ አልጋዎች ተደርድረዋል። በአንድ አልጋ ኹለት ሰው ይተኛበት ነበር፤ ጌታውም ቤተ ሰቡም አገልጋዩም በአንድ ክፍል ነው። ቀን ቀን በዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ሱፍ ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ። በታኅሣሥ ወር በዚያ አገር ፀሓይ የምትታየው ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነውና፣ በረጅሙ ማታ አንዱ መጽሐፍ እየነበበ ሌሎቹ እጃቸው ሥራ ሳይፈታ ያዳምጡ ነበር። እነሆ በዚህ ክፍል ውስጥ ምድጃ አልነበረም። ማገዶ ጥቂት ስለ ኾነ እሳቱ የሚነደው በማድ ቤት ለምግብ ብቻ ነው፤ ያውም በኩበት። ታዲያ ክፍሉን የሚያሞቀው ምን ነበር? ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት 100 ዋት ያህል ነው፤ ይኸውም የጥንቱ ዐይነት አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ አምፑል ሲበራ የሚሰጠውን ያህል ነው። 15 ሰው በአንድ ክፍል ቢሰበሰብ 15 አምፑል ሌሊቱን ኹሉ እንደ በራ ይቈጠራል። የአንዲት ላም ሙቀት ደግሞ ከሰው ዐሥር እጥፍ ያህል ነውና፣ በአንዳንድ ስፍራ መኝታ ቤቱን ከላሞች በረት በላይ በሳንቃ ሠርተው ሙቀቱ ወደ ላይ እንዲወጣላቸው ያደርጉ ነበር። በደጋ አገራችን ከብቱን በቤት ውስጥ የሚያሳድረውን ገበሬ ስለ ሌባና ስለ አውሬ ብቻ ያደረገው የሚመስለው ሰው ካለ፣ ገበሬውን በኅዳር ሌሊት ቢጠይቀው መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሙቀት ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ሙቀት እንዳይወጣ የተዘጋ ክፍል አየርም አይገባበትም። የሰው ትንፋሽና የርጥብ ልብስ እንፋሎት በሳንቃው ላይ ውሃ ኾኖ ይወርዳል፤ አንዱ ሲያስል ኹሉም የዚያውን አየር ይስባሉ። የሳምባ ነቀርሳ በ20ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ በአይስላንድ ብዙ ሰው ይፈጅ ስለ ነበረ፣ በ1910 ዓ.ም. ከሬይክያቪክ አጠገብ ቪፊልስታዲር በሚባለው ስፍራ ለዚሁ በሽታ ልዩ ሆስፒታል ተከፈተ። በጓል ቤት ያደጉ ሰዎች ልጆች ወደ ሲሚንቶ ቤት ለመግባት የቸኰሉት ለመልክ ሲሉ ብቻ አልነበረም። የጥንቱን ኹሉ ማወደስ ለሚወዱ ጸሓፊዎች ይህን ማለፍ ይቀላቸዋል፤ እኛ ግን ልጁን በብርድ ላለማጣት አየር የከለከለውን አባት ጭንቀት ሳናስብ ከዚያ ክፍል መውጣት አልቻልንም።

እኛ በገባንበት ቀን ባድስቶፋው ቀዝቃዛ ነበር። ሰው የማይኖርበት ቤት እንደዚያ መኾኑ ግድ ነው፤ የሣር ጓሉ ሙቀት አይወልድምና። ነገሩን በጋቢ ብናስረዳው ይቀላል። ጋቢ የለባሹን ሙቀት ይዞ ያቈያል እንጂ ከራሱ ምንም አይጨምርም። የሚያቈየውም በክሩና በክሩ መካከል፣ በድርቡም መካከል ተይዞ የማይነቃነቀው አየር ነው። ያው ጋቢ ዝናብ ቢመታው፣ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ውሃም ሙቀትን ከማይነቃነቅ አየር ይልቅ 20 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሳልፋልና ለባሹ ይንቀጠቀጣል። የሣር ጓልም እንዲሁ ነው። በሥሩ ጥልፍልፍ መካከል አየር ይዞ ደረቅ ኾኖ ሲገኝ ጋቢ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ርጥብ ጋቢ ይኾናል።

ስለዚህ የአይስላንድ ሰው በጣራ ሥራ የሚጨነቀው ለውፍረቱ ብቻ ሳይኾን ለቍልቍለቱም ነው። ጣራው ብዙ ከተጋደመ ዝናቡ ሳይወርድ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ብዙ ከቆመ ደግሞ ውሃው ቶሎ ወርዶ ሣሩ በድርቅ ይሞታል፣ ጓሉም ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ዝናብ ይገባል። ትክክለኛው ልክ በየአገሩ ዝናብ መጠን ይለያያል። በሰሜን በኩል ዝናቡ ከደቡቡ ያነሰ በመኾኑ የግላውምባይር ግድግዳ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል፤ ዝናብ በሚበዛበት ስፍራ ያለ ጓል ግን ፈጥኖ ይበሰብስና እንደ ገና መሠራት አለበት።

የአይስላንድ ሰዎች አባቶች የመጡባት ኖርዌይ ይህንኑ ሥራ በሌላ መንገድ ትሠራው ነበር፤ በዚያ እንጨት ሞልቷልና። ወደ አይስላንድ ከመሄዳችን አስቀድሞ፣ በየካቲት ወር፣ ሊልሃመር በምትባለው ከተማ ማይሃውገን የሚባለውን የአሮጌ ቤቶች ቤተ መዘክር ለማየት በቅተን ነበር። ይህን ቤተ መዘክር የመሠረተው አንደርስ ሳንድቪግ የተባለ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጣሉ የነበሩ የገጠር ዕቃዎችንና ቤቶችን እየገዛ ሰብስቦ፣ በ1904 ዓ.ም. በዚህ ኰረብታ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። ጥርስ እየነቀለ ባገኘው ገንዘብ የአገሩን ቤት ተከለ ቢባል ሐሰት አይኾንም።

የኖርዌይ ቤት ግድግዳው የተጋደመ ግንድ ነው። በጣራው ሳንቃ ላይ የበርች ዛፍ ቅርፊት ደራርበው ያነጥፋሉ፤ ይህ ቅርፊት ውሃ ፈጽሞ አያስገባም። ከዚያም በላይ ኹለት ረድፍ የሣር ጓል ያለብሱታል፤ የታችኛው ሣሩ ወደ ታች፣ የላይኛው ሣሩ ወደ ላይ ይዞራል፤ ውፍረቱ በጠቅላላው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አሠራር ዝናብን የሚከለክለው ቅርፊቱ ነው፤ ጓሉ ቅርፊቱን ተጭኖ ነፋስ እንዳይወስደው ይጠብቃል። የጓሉ ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር 250 ኪሎ ያህል ስለ ኾነ፣ ሸክሙ በግድግዳው ላይ ወርዶ ግንዱን ከግንድ ጋራ ያጣብቀዋል፤ በመካከላቸው ይገባ የነበረውም ነፋስ ይታገዳል። ከጣራው የተገኘው ሙቀት ከፊሉ በእንዲህ ያለ መንገድ በግድግዳው በኩል የተገኘ መኾኑን ማንም ቶሎ አይገምትም።

ባየንበት ቀን በጣራዎቹ ላይ ከክንድ የሚበልጥ በረዶ ተኝቶባቸው ነበር። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አየር ነው፤ ስለዚህ ብርድ ራሱ ያመጣው በረዶ የብርድ መከላከያ ይኾናል። ሣር ያለበት ሻካራ ጣራ በረዶውን ይዞ ያቈየዋል፤ የብረት ጣራ ግን ያንሸራትተዋል። ሌላም ነገር አለ። ርጥብ አፈር ወደ በረዶነት በሚለወጥበት ጊዜ በውሃው ውስጥ ያለው ሙቀት ይለቀቃልና፣ ውጭው ከ0 በታች ብዙ ዲግሪ ቢወርድም የጣራው አፈር ፈጽሞ እስኪረጋ ድረስ ከ0 ብዙ አይርቅም። ይህ ግን ለጥቂት ቀን የሚሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከረጋ በኋላ በረዶ ከውሃ አራት እጥፍ ያህል አብልጦ ሙቀት ያሳልፋል።

ይህንኑ በመሣሪያ የለኩ ሰዎች አሉ። በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ የመንግሥቱ የምርምር ተቋም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አንድን ጣራ ለኹለት ከፍሎ፣ ግማሹን በአፈርና በሣር አልብሶ፣ ግማሹን እንዲሁ ትቶ ኹለት ዓመት ያህል መረመረ። በሙቀት ወራት ወደ ውስጥ ይገባ የነበረውን ሙቀት ሣሩ ከሞላ ጐደል አስቀረው፤ በብርድ ወራት ወደ ውጭ የሚወጣውን ግን የቀነሰው ከአራት እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አረንጓዴው ጣራ ከብርድ ይልቅ ለፀሓይ የበረታ ጋሻ መኾኑ ታወቀ። በዛሬው ጊዜ በሰሜን አገሮች በሣር ጣራ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ በታች ከመስታወት ክር ወይም ከቀለጠ ድንጋይ ክር የተሠራ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ወፍራም ሽፋን ያነጥፋል፤ ሙቀቱን የሚጠብቀው ይህ ነው፤ ሣሩ ለውበትና ለዝናብ ውሃ መያዣ ያገለግላል።

ይህን ኹሉ ለምን እንደምንዘረዝረው አንባቢዎቻችን ሳይገባቸው አልቀረም። በትግራይ ሕድሞ የሚባለው ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው በጠንካራ እንጨት ላይ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ዝናቡ ጥቂት የኾነበትና ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት አገር ስለ ኾነ ደረቁ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ግላውምባይርን ያየ ሰው ሕድሞን እንደ ድህነት ምልክት አድርጎ ሊንቀው አይችልም። ሕድሞ ግን ወፍራም እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱም በዚያም እንደ አይስላንድ ኾኖ ስላለቀ፣ ብዙ ሰው ወደ ቆርቆሮ ዞሯል። ቆርቆሮ ዝናቡን ሲከለክል የሚስተካከለው የለም፤ ነገር ግን ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽም በበስተ ውስጡ ውሃ ኾኖ ይንጠባጠባል። ውርጭ በሚወርድባት በደብረ ብርሃን የሚኖሩ ሰዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ከዚህ ተነሥቶ በቆርቆሮው ላይ አፈር ልጫንበት የሚል ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ ይቍጠር። 40 ካሬ ሜትር የኾነ ትንሽ ጣራ በኖርዌዩ ልክ አፈር ቢለብስ ሸክሙ 10,000 ኪሎ፣ ማለት 100 ኩንታል ይኾናል፤ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ይህን አይሸከምም፤ ከተኙት ልጆች ላይ ይወርዳል። የሚበጀው በታች በኩል መሥራት ነው። ከቆርቆሮው ዝቅ ብሎ ያለ ቀዳዳ የተወጠረ ኮርኒስ፣ የአቡጀዲም ቢኾን፣ በመካከሉ አየር ይይዛል። የአቡጀዲ ፈንታ ሳንቃ ኾኖ በላዩ ሙቀት የሚያግድ ወፍራም ሽፋን ቢነጠፍ ይበልጥ ይረዳል። ጭድ መጠቅጠቅ ርካሽ ነው፤ ግን እሳትንና አይጥን ይጠራል፤ በተለይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በጣራው ውስጥ በሚያልፍበት ቤት አይደረግ። በግድግዳውና በጣራው መጋጠሚያ ያለው ክፍተት በምርጊት ይዘጋ፤ ከሰል የሚነድበት ቤት ግን የከሰሉ መርዘኛ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ሳይተዉ ክፍተቱን ኹሉ መድፈን ሰውን ይገድላል፤ እንዲህ ባለው ቤት ከመኝታ በፊት ከሰሉ ወደ ደጅ ይውጣ።